የቀለም ትምህርቱንና የሙያ ትምህርቱን በአንድ እቅድ ስለ ማያያዝ፦ የ11ኛ ክፍል የግንባታ ዘርፍ በጎንደር

የአዘዞው መምህር (ነሐሴ 12)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። በጎንደር ከተማ በአዘዞ አካባቢ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የግንባታ ሙያ አስተምራለሁ። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሙያ ትምህርት ከቀለም ትምህርቱ ጎን ከገባ ወዲህ፣ ተማሪዎቻችን ጠዋት ስለ ኬሚካል ትስስር ይማራሉ፣ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ስለ ድንጋይ ግንብ ይማራሉ፤ ሁለቱ ትምህርቶች ግን በአንድ ጣሪያ ሥር እየዋሉ እስከ ዛሬ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።

ርዕሰ መምህራችን ከመስከረም በፊት የተቀናጀ እቅድ እንድናቀርብ ጠይቀዋል። እኔም አንድ ረቂቅ አዘጋጀሁ። የአንደኛው ሴሚስተር ጭብጥ «የፋሲል ግንብ» ነው። በረቂቁ መሠረት ታሪክ ስለ አፄ ፋሲለደስ፣ ሒሳብ ስለ ክብ ማማዎቹ ስፋት፣ ፊዚክስ ስለ ቅስቶቹ፣ ኬሚስትሪ ስለ ኖራ፣ እንግሊዝኛ ስለ ግቢው ድርሰት፣ እኔ ደግሞ ስለ ድንጋይ አጠራረብ እናስተምራለን፤ በመጨረሻም ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለወላጆች ያሳያሉ።

ረቂቁን ለባልደረቦቼ ባሳየሁ ጊዜ ሁሉም ወደዱት። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ግንቡን ከእቅዱ ውስጥ ብናወጣው የማንኛችንም ትምህርት ምንም አይጎድልበትም፤ ሒሳቡ ያለ ኬሚስትሪው፣ ኬሚስትሪውም ያለ እኔ ወርክሾፕ መቆም ይችላል። ይህ ቅንጅት ነው ወይስ ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻ? ከዚህም ሌላ የምዕራፎች ቅደም ተከተል፣ የነጥብ አሰጣጡና አብሮ የማቀጃው ጊዜ ያሳስቡኛል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ሚዛን (ነሐሴ 12)

እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ የማስተምረውም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። የከነከነዎት ነገር ትክክል ይመስለኛል፤ ነገር ግን ሌላ ችግር ላክልበት።

ኖራ ለኬሚስትሪ እጅግ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም የኬሚካል ሚዛንን (አጸፋው ወደ ፊትም ወደ ኋላም በእኩል ፍጥነት የሚሄድበትን ሁኔታ) ለማስተማር ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ የታወቀው ነው። ይሁን እንጂ በ11ኛ ክፍል የኬሚካል ሚዛን የሚመጣው ወደ ዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ በፊት ደግሞ የአጸፋዎች ፍጥነት መቅደም አለበት። የእርስዎ ወርክሾፕ ኖራውን የሚፈልገው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ ማለትም በጥቅምትና በኅዳር ነው። ምዕራፉን ስድስት ወር ወደ ፊት ባመጣው ተማሪው መሠረቱን ሳይዝ ጣሪያው ላይ ይወጣል።

ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጭብጥ ተሰጥቶን ነበር። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፖስተር ሳሠራ ቆየሁ፤ በዓመቱ መጨረሻም ሳልሸፍነው የቀረው ምዕራፍ ፈተና ላይ መጣ። ተማሪዎቼ ከፈተና ክፍል ሲወጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ እቅዱን የምቃወመው ከልቤ ስለማስብበት እንጂ ሥራ ለመሸሽ አለመሆኑን እንዲረዱልኝ እሻለሁ።

የስሌት ወዳጅ (ነሐሴ 13)

የሁለቱንም መምህራን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለብዙ ጊዜ ሳነብና ስሞክር ቆይቻለሁ።

ጥያቄው «ቅንጅቱ ከየት ይጀምር?» የሚል ይመስለኛል። ከጭብጥ ሲጀምር እያንዳንዱ መምህር ጭብጡን የሚነካ ነገር ከራሱ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ይለጥፈዋል። ከሥራ ሲጀምር ግን ሥራው ራሱ የሚፈልገውን ዕውቀት ይጠራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሙያ ትምህርት ሕግ የቀለምና የሙያ ትምህርት እንዲቀናጁ ለድጋፉ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተሞከሩት መንገዶች በጥንቃቄ የተጠናው አንዱ የሒሳብ መምህርን ከሙያ መምህር ጋር ማጣመር ነው። ጥንዶቹ አብረው ይቀመጡና የሙያውን ሥርዓተ ትምህርት ገልጠው «እዚህ ውስጥ የተደበቀው ሒሳብ የቱ ነው?» ብለው ይፈልጋሉ። የሒሳቡን መጽሐፍ ገልጠው «ይህን የት እናስገባው?» አይሉም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር ያለው እሱ ላይ ነው።

ትምህርቱ ሲሰጥም ቅደም ተከተል አለው። የሙያ መምህሩ በሥራው ይጀምራል፤ ተማሪዎቹ በሥራው ውስጥ ስላለው ሒሳብ ምን ያህል እንደሚያውቁ ይጠይቃል፤ ከሥራው የወጣውን ስሌት አብሯቸው ይሠራል፤ ከዚያም ከዚያው ሙያ ሌሎች ምሳሌዎችን ያመጣል። ቀጥሎ ያንኑ ስሌት ድንጋይና አሸዋ በሌለበት፣ በፈተና ወረቀት ላይ በሚመጣበት ባዶ መልኩ ያሠራቸዋል፤ ተማሪዎቹም መረዳታቸውን ያሳያሉ፤ በመጨረሻ ይመዘናሉ። መምህርት ሚዛን የፈሩት ነገር የሚፈታው በአምስተኛው እርምጃ ይመስለኛል። ተማሪው ከወርክሾፑ ወደ ፈተናው ወረቀት የሚሻገርበት ድልድይ እሱ ነውና። ብዙዎቻችን የምንዘለውም እሱኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ዘገባ መሠረት በዚህ መንገድ የተማሩት ተማሪዎች ከተሰጧቸው ሦስት የሒሳብ ፈተናዎች በሁለቱ ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል፤ ለሒሳቡ የዋለው ጊዜም ከሙያው ክፍለ ጊዜ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በሙያ ዕውቀታቸው ላይ ጉድለት አልታየም።

ለእናንተ ጉዳይ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ የመለማመጃ ግንብ ይሥሩ። ይዘቱ 1 ሜትር ኩብ ነው። በድንጋዮቹ መካከል የሚገባው የኖራ ሞርታር 0.36 ሜትር ኩብ ያህል ቢሆን፣ ድብልቁም አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ከሆነ፣ በአራት ሲካፈል ኖራው 0.09፣ አሸዋው 0.27 ሜትር ኩብ ይሆናል። ንጽጽርን፣ ይዘትንና የመለኪያ ለውጥን በአንድ ላይ ማስተማር ይቻላል ማለት ነው።

ኖራ አብራጁ (ነሐሴ 13)

ከመምህራኑ መካከል ገብቼ በመናገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ በጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገና ላይም ሠርቻለሁ። መምህር፣ የሠሩት ስሌት ወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ በዚያ ልክ ካዘዙ ግን ሞርታሩ ግንቡ ሳያልቅ ያልቅብዎታል።

ሦስት ባልዲ አሸዋና አንድ ባልዲ ኖራ ሲደባለቁ አራት ባልዲ አይወጣቸውም። የሚወጣው ሦስት ባልዲ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። ምክንያቱም አሸዋ በፍሬዎቹ መካከል ክፍተት አለው፤ ኖራው የሚገባው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ደረቅ አሸዋ በባልዲ ሞልተው፣ ውኃ እየለኩ ቀስ ብለው እስከ አፉ ድረስ ያፍስሱበት። የገባው ውኃ ከባልዲው አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። «አንድ ለሦስት» የሚባለው ልክ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ጌቶቻችን ክፍተቱን ኖራ ይሙላው ብለው ነው እንጂ ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ስለዚህ 0.36 ሜትር ኩብ ሞርታር ከፈለጉ 0.36 አሸዋና 0.12 ኖራ ያዘጋጁ።

ሌላው ስለ ደኅንነት ነው። ከእቶን ወጥቶ ውኃ ያልነካው ኖራ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። ለተማሪዎች እሱን በእጃቸው አትስጡ። አስቀድሞ በርዶ በውኃ ሥር የሰነበተውን ኖራ ተጠቀሙ፤ እሱንም ቢሆን በጓንትና በዓይን መከላከያ፣ ብዙ ንጹሕ ውኃ በአጠገብ አኑራችሁ ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ በዚህ ምክንያት አንድ ዓይኑን ስላጣ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ስለ ሲሚንቶም አንድ ቃል ልጨምር። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ ለአሮጌ ግንብ ግን ጥንካሬው ጠላቱ ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ይዘጋዋል። የታፈነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣና ጨዉን እያደረቀ ድንጋዩን ይልጠዋል። ሞርታር ከድንጋዩ መድከም አለበት፤ ጉዳት ሲመጣ እሱ ተጎድቶ ይቀየራል፣ ድንጋዩ ይቀራል።

የስሌት ወዳጅ (ነሐሴ 13)

ለእርማትዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ስሕተቴን አልሰርዘውም፤ እንዲያውም ትምህርቱ ከዚህ መጀመር አለበት። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በአራት አካፍለው ይሥሩ፤ አደባልቀው ይለኩ፤ የጎደላቸውን አንድ አራተኛ ገደማ ራሳቸው ያግኙ፤ ከዚያም በባልዲውና በውኃው ምክንያቱን ይፈልጉ። የአዘዞው መምህር ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል፦ ወርክሾፑ የሒሳቡን መልስ ሲያርመው፣ ሒሳቡም የወርክሾፑን ልማድ ምክንያት ሲያስረዳ፣ ያኔ አንዱ ያለ ሌላው መቆም አይችልም።

ሚዛን (ነሐሴ 14)

ሌሊቱን ሳስብበት አድሬ አንድ መፍትሔ የታየኝ ይመስለኛል። ምዕራፉን ወደ ሥራው ከማምጣት ይልቅ ሥራውን እስከ ምዕራፉ ማቆየት እንችላለን፤ ኖራ ለዚህ የተፈጠረ ነገር ነው።

በውኃ የበረደ ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ግንቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ድንጋይነቱ ይመለሳል። ይህ ለውጥ ከውጭ ወደ ውስጥ በዝግታ የሚሄድ ሲሆን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ እያንዳንዱ ቡድን ከዚያው ሞርታር ጎንና ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ አንድ ዘንግ በእንጨት ፎርም ያውጣ። ከዚህ ቢቀጥን ዓመቱ ሳያልቅ ለውጡ መሐሉ ድረስ ሊደርስ ይችላል። በየወሩ ከጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰበርና አዲሱ ገጽ ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለው ቀለም ጠቋሚ ኬሚካል ይረጭበት። ያልተለወጠው መሐል ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል፤ የተለወጠው ዳር ቀለም አያወጣም። የዳሩን ውፍረት በማስመሪያ መለካት ይቻላል።

በኅዳር እኔ የማስተምረው ከቀደሙት ክፍሎች የሚያውቁትን የመጠን ስሌት መከለስ ብቻ ነው፤ ከ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 56 ኪሎ ግራም ኖራ ይወጣል፣ 44 ኪሎ ግራሙ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። የአጸፋ ፍጥነት ምዕራፍ ሲደርስ የሁለትና የሦስት ወር ልኬት በእጃቸው ይኖራል። የኬሚካል ሚዛን ሲደርስ ደግሞ በእቶን 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደው ነገር በግቢያችን አየር ውስጥ ወደ ኋላ ሲመለስ ሰባት ወር ሙሉ በዓይናቸው አይተውታል። አንድም ምዕራፍ አላንቀሳቅስም፤ ከክፍለ ጊዜዬም የማጣው በወር ሃያ ደቂቃ ነው።

ለሒሳብ መምህሩም የተረፈ አለ። የለውጡ ጥልቀት የሚያድገው በጊዜው ልክ አይደለም፤ በጊዜው ካሬ ሥር ልክ ነው። በአንደኛው ወር የተለካው በአራተኛው ወር እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ተማሪው ነጥቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ሲያስቀምጥ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን እየተለዘበ የሚሄድ ጥምዝ ያገኛል። በጥርና በየካቲት አየራችን በጣም ሲደርቅ ለውጡ ሊዘገይ ስለሚችል አልፎ አልፎ ዘንጎቹን በጥቂቱ ማራስ ያስፈልጋል፤ ልኬታቸው ከተጠበቀው ሲያፈነግጥም ለምን እንደሆነ መነጋገር ራሱ ትምህርት ነው።

የልጆች እናት (ነሐሴ 14)

ውይይታችሁን በአክብሮት ተከታትዬዋለሁ። ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ትገባለች። የግንባታ ዘርፍ የመረጠችው ወዳው ነው፤ እኔም አልከለከልኳትም። ነገር ግን ስጋቴን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ፈተናው ደግሞ ስለ ግንብ አይጠይቅም። የሌላው ዘርፍ ልጆች መጽሐፍ ሲያነብቡ የእኔ ልጅ አሸዋ ስትለካ ውላ ብትቀርስ? ትምህርት ቤቱ ይህን ለወላጆች በግልጽ ማስረዳት ያለበት አይመስላችሁም?

የአዘዞው መምህር (ነሐሴ 14)

እናታችን፣ ስጋትዎ የሁላችንም ስጋት ነው፤ ቀላል መልስ ሰጥቼ ላልፈው አልፈልግም። አሁን በመምህርት ሚዛን ሐሳብ መሠረት ከቀለም ትምህርቶቹ አንድም ምዕራፍ አይዘለልም፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የሚጨመርም አዲስ ይዘት የለም። አሸዋው የሚለካው በእኔ ክፍለ ጊዜ ነው። እኔም ትምህርቱ ሲጀመር የእያንዳንዱን ወር ሥራ ከየትኛው የመጽሐፍ ምዕራፍ ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ አንድ ገጽ ለእያንዳንዱ ወላጅ እንዲደርስ አደርጋለሁ። ልጅዎ በአንዱ ትምህርት ወደ ኋላ ከቀረች በሴሚስተሩ መጨረሻ ሳይሆን በወሩ እንዲያውቁ የማድረግ ኃላፊነትም የእኛ ነው።

ጡረተኛው የጤና መኮንን (ነሐሴ 15)

ልጆቼ፣ ይህን ስታወሩ ሳነብ ደስ አለኝ። ነገሩ ለጎንደር አዲስ አይደለምና ጥቂት ላውጋችሁ።

በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁ እዚህ ከተማ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው እሱ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ በክፍል ውስጥ የየራሳቸውን ትምህርት ይማራሉ፤ ከዚያ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። የቡድን ሥልጠና የሚባለው ይህ ነው።

እኔ በደምቢያ ገጠር ስሠለጥን ያየሁት ይህን ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣ እኔ ሕፃኑን አያለሁ፤ ነርሷ እናቲቱን ታነጋግራለች፤ ሳኒተሪያኑ የሚጠጡበትን ምንጭ ያያል። ማታ ፋኖስ አብርተን ስንቀመጥ ሦስታችን ስለ አንድ ቤት እንነጋገራለን። ሦስታችንም ስለ አንድ ርዕስ አንድ ዓይነት ንግግር ብናደርግ ኖሮ ለሕፃኑ የሚፈይደው ነገር አልነበረም። እያንዳንዳችን ሌላው የማያውቀውን ስለምናውቅ ነበር አብረን የተቀመጥነው።

ስለዚህ የምመክራችሁ ስለ ማታው መቀመጫ ነው። በየሳምንቱ የታወቀ ቀንና ሰዓት ያስፈልጋችኋል፤ ይህም በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ እንደ ማንኛውም ክፍለ ጊዜ ተጽፎ መገኘት አለበት። ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው እንዲገናኙ ከተተወ ሁለት ሳምንት ይገናኛሉ፤ በሦስተኛው አንዱ ለቅሶ ይሄዳል፣ ሌላው ፈተና ያርማል፤ በዚያው ይቀራል። ስትቀመጡም ስለ ትምህርታችሁ ሳይሆን ስለ አንድ ተማሪ ሥራ ተነጋገሩ። አንድ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና አራታችሁም አንብቡት።

የቋንቋ መምህርት (ነሐሴ 15)

የአባታችንን ምክር በአክብሮት እቀበላለሁ። እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በሁለት ነገሮች ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ።

አንደኛው፣ በእንዲህ ያሉ እቅዶች ውስጥ የእኛ ትምህርት ድርሻ ብዙ ጊዜ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ብቻ ይሆናል። የዚህ ሥራ ችግር ግን ዋናው ቋንቋ ነው። ግንበኛው በአማርኛ ያስረዳል፤ ወርክሾፑ በአማርኛ ይሠራል፤ የኬሚስትሪውና የሒሳቡ መጽሐፍ፣ ፈተናውም ጭምር በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ኖራው ለምን እንደጠነከረ በአማርኛ አሳምሮ ይነግርዎታል፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ መምህሩም አልገባውም ብሎ ያልፈዋል። ገብቶታል፤ የጎደለው መሻገሪያው ነው። እኔ በየወሩ ልኬቱ በተካሄደ ማግሥት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠኝ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያዩትን በአማርኛ ይናገሩ፤ ቀጥሎ ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ እንሰብስብ፤ ከዚያ የአሠራር ሪፖርት በእንግሊዝኛ ይጻፉ። አድራጊው ሳይጠቀስ ድርጊቱ የሚገለጽበት የዓረፍተ ነገር ዓይነት በእኛ መጽሐፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ለሪፖርት የሚያስፈልገውም እሱ ነው። በሰው ሠራሽ ምሳሌ ከማስተምር «ሞርታሩ ተደባለቀ፣ ዘንጉ ተሰበረ፣ ጥልቀቱ ተለካ» እያልኩ ባስተምር እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ስለ ነጥብ ነው። አራት መምህራን ለአንድ ሥራ አንድ የጋራ ነጥብ መስጠት የለባቸውም። አንድ ጊዜ እንዲህ ተደርጎ፣ እጁ የተባረከ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ምክንያት የግንባታ ነጥቡ ሲቀንስ አይቻለሁ። ልጁ ቅሬታ አላቀረበም፤ ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያ የሚያነሣው በግድ ነበር። ሥራው አንድ ይሁን፤ መምህራኑ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መስፈርት አስቀድመው ለተማሪው አሳውቀው፣ ከየራሳቸው ተከታታይ ምዘና ነጥብ ይስጡት።

ዜና መዋዕል (ነሐሴ 15)

በአጭሩ ስለ ታሪክ። ትምህርቱ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መሠረተ ብሎ ግንቡን ማድነቅ ብቻ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። አዘዞ ላይ የምታስተምሩ እናንተ ደጃችሁ ላይ የአፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አለላችሁ። ታሪክ ጸሐፊዎች በኖራ የመገንባት ሙያ በዚያ ዘመን ኢየሱሳውያን በተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያንና ከህንድ በመጡ ግንበኞች በኩል መስፋፋቱን ይጽፋሉ፤ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ደግሞ ዛሬም ያከራክራል። ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብሎ፣ ልጁ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባርሮ ሳለ ሙያው እንዴት በአገሩ ቀረ? ተማሪው ይህን ይጠይቅ። ሌላው ጥያቄ የጥገናው ታሪክ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በግቢው ጥገና ላይ ሲሚንቶ ገብቶ ነበር፤ ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ያ ሲሚንቶ በአብዛኛው ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል። ግንበኛው ወንድማችን ስለ እርጥበት የነገሩን ነገር እዚህ ላይ የታሪክ ማስረጃ ይሆናል።

ከፍታ (ነሐሴ 16)

የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የምሠራው በጤና ዘርፍ ካሉ ተማሪዎች ጋር ነው። ከግንባታው ውጭ ላለነው አንድ ሥራ ልጠቁም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊታችን 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ውኃም የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የጤና ዘርፉ መጽሐፍ መሣሪያዎች በእንፋሎት በ121 ዲግሪ ይጸዳሉ ይላል። በባሕር ዳርቻ ላለ አገር የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ 103 ኪሎ ፓስካል ማየት ለዚህ ይበቃል። ጌጁ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። እዚህ ያንኑ ቁጥር ብናይ ውስጡ ያለው ድምር ግፊት 181 ያህል ይሆንና ሙቀቱ ከ117 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። 121 ላይ ለመድረስ ጌጁ ወደ 127 መጠጋት አለበት። ተማሪዎቼ ይህን ሲያሰሉ የግፊት ምዕራፍ ለምን እንደተጻፈ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። መሣሪያውን መንካት የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛ ቴርሞ ሜትርና የሚፈላ ውኃ ይበቃናል።

የአዘዞው መምህር (ነሐሴ 18)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን የቀድሞውን ረቂቅ ትተነዋል። አዲሱ እቅድ ይህን ይመስላል።

ትምህርቶቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ግንባታ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ። ታሪክ በኅዳር ለሁለት ሳምንት ይገባል። የእኛን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር የቅስቱን ጉዳይ እንዲተዉትና ጊዜያቸውን ለጤናው ዘርፍ እንዲሰጡ ጠይቄያቸው ተስማምተዋል። ሁሉን ትምህርት በግድ ማስገባት የመጀመሪያው ረቂቄ ትልቁ ስሕተት እንደነበር አሁን ይታየኛል።

በመስከረም ተማሪዎቹ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ አሸዋውን በባልዲና በውኃ ይፈትሻሉ። በጥቅምት የመጀመሪያውን ድብልቅ በራሳቸው ስሌት አዘጋጅተው የጎደለውን ያገኛሉ፤ ግንቡንና ዘንጎቹን ይሠራሉ። ግንቡ የሚሠራው በግቢያችን ነው፤ ቅርስ ወደሆነው ሥፍራ የምንሄደው ለማየት ብቻ ሲሆን እጃችንን አናሳርፍበትም። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ልኬት፣ ረቡዕ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ይሆናል። ልኬቱ ለጥምቀት ሰሞን እንዳይውል የጥሩን ወደ ወሩ መጨረሻ አዛውረነዋል። ነጥቡን በቋንቋ መምህርቷ ሐሳብ መሠረት ለየብቻ እንሰጣለን።

አብሮ ማቀጃውን በተመለከተ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ሐሙስ ስድስተኛውን ክፍለ ጊዜ ለአራታችንም ነፃ አድርገውልናል። ለዚህ ሲባል የሁለት መምህራን ድልድል እንደገና መሠራት ነበረበትና እሳቸው ሳይሰለቹ ሠርተውታል። በእያንዳንዱ ሐሙስ አንድ የተማሪ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ የማን እንደሚሆን በዕጣ ይወጣል።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪዎች አሉኝ፤ ስድስት ስድስት ሆነው ቢከፈሉ አሥር ቡድን ይሆናል፤ የዓይን መከላከያው ግን አሥራ ሁለት ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ቡድን ብቻ ኖራ እንዲነካ፣ ሌሎቹ በድንጋይ ጠረባና በስሌት ላይ እንዲቆዩ አስቤያለሁ፤ ይህ የድብልቁን ሥራ ወደ ሦስት ሳምንት ይገፋዋል። የተሻለ መላ ያለው ካለ እባካችሁ።

ኖራ አብራጁ (ነሐሴ 18)

ሦስት ሳምንቱን አይጥሉት፤ በሁለት ቡድን መሥራቱ ደግ ነው። በርዶ የሰነበተ ኖራ በውኃ ሥር ከተቀመጠ አይበላሽም፤ እንዲያውም በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። በርሜሉን ከድናችሁ አቆዩት። የድብልቁ ቀን ሲደርስ እኔም መጥቼ አሳያቸዋለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም።

ሚዛን (ነሐሴ 19)

ከላቦራቶሪ በኩል ሁለት ነገር ላክል። አንድ ግራም ፌኖልፍታሊን በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል ከተሟሟ ለአሥሩም ቡድን ለዓመቱ ይበቃል ብዬ አስባለሁ፤ እኔ ከእኛ ትምህርት ቤት ማዋስ እችላለሁ። ዘንጉን ደግሞ በመጋዝ እንዳይቆርጡት፤ መሰበር አለበት። መጋዙ የመሐሉን ዱቄት ወደ ዳሩ እየጎተተ ሁሉንም ሐምራዊ ያደርገዋል፤ ልኬቱም ይሳሳታል። ከተሰበረ በኋላ ገጹን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ አድርገው ወዲያውኑ ይርጩበት።

የአዘዞው መምህር (ነሐሴ 19)

ተቀብያለሁ፤ በእቅዱ ላይ «ይሰበራል» ብዬ አስተካክዬዋለሁ። መፍትሔውን ጥቅምት 20 ገደማ መጥቼ እወስዳለሁ።